ተንበርከክ የተባልክበት ቅዳሜ

ውድ ኮርቢን፣

ማክሰኞ ዕለት እናትህ ከነዳጅ ማደያው ማዶ አስፋልቱ ዳር ቆመው ዋሉ። አንተ የተቀጠርክባቸው የስንዴ አጫጆች መኪኖች ከነብራስካ ተነስተው ወደ እኛ እየወጡ መሆናቸውን ከእህል ጎተራው ሰዎች ሰምተው ነው። የጋገሩትን የቼሪ ኬክ በፎጣ ሸፍነው ይዘዋል። ጥላው ስር ይቀመጡ፣ ሲመጡ እጠራዎታለሁ ብላቸው ወይ ፍንክች። ከሰዓት በኋላ ኮምባይነር የጫኑት ትልልቅ መኪኖች ብቅ አሉና አንድ በአንድ አለፉ። ሦስተኛውን የምትነዳው አንተ ነበርክ። እናትህን አይተሃቸዋል። ከመሪው ላይ ሁለት ጣትህን ቀና አደረግህና፣ በእኛ አገር መንገድ ለማንም አላፊ አግዳሚ እንደሚደረገው ሰላምታ ሰጥተሃቸው ሄድክ። ፍሬን እንኳ አልነካህም።

እናትህ ኬኩን ለማደያዋ ሠራተኛ ሰጥተው፣ ልሸኝዎት ብላቸውም እምቢ ብለው፣ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ብየዳ ጀምሬ እሳቱን አጥፍቼ እወጣለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ግማሹን ነው የምሰማው። ይህንንም የምጽፍልህ ተነስቼ ግቢውን እየዞርኩ፣ ተመልሼ እየተቀመጥኩ ስለሆነ ነገሩ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሰኝ።

ልቆጣህ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን በርዶልኛል። የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው። ከኅዳር ወዲህ ስልክህ ስለማይነሳ ደብዳቤውን ለአለቃህ ሚስት እልከዋለሁ። ለእናንተ ምግብ እያበሰለች አብራችሁ የምትዞር ሴት ስለሆነች ከምሳህ ጋር ትሰጥሃለች ብዬ አምናለሁ።

ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ፤ ታውቃለህ? ፀጉር ልስተካከል ስገባ፣ የተሰበረ ማረሻ ይዘው ሲመጡ፣ ቤተክርስቲያን በር ላይ። «አንተ የእሱ ሴንተር አልነበርክም? ለምንድን ነው የወረወረው?» ይሉኛል። ሴንተሩ መሆኔ ልብህን የሚያሳየኝ ይመስላቸዋል። እኔ እኮ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን መሬት ላይ ይዤ ጎንበስ ብዬ በእግሮቼ መሃል ወደ ኋላ የማቀብልህ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ግንባሬን ከአንዱ ግዙፍ ሰው ደረት ጋር አጋጭቼ ስገፋና ስገፈተር፣ አንተ ከኋላዬ ምን እንደሠራህ የማውቀው ከሕዝቡ ጩኸት ነበር። ከፍ ብሎ ሲጮኽ ተሳክቶልሃል፤ ሲያቃስት ደግሞ ወድቀሃል ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ፣ ስትወረውር አይቼህ አላውቅም።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ቡድን መልማዮች ወደ ከተማችን የመጡት አንተን ፈልገው ነበር። እኔን ያገኙኝ አንተን ሊያዩ መጥተው ነው። ሁለታችንንም ወሰዱን። አንድ ክፍል ተኛን፤ ከአንድ ድስት በላን። በእያንዳንዱ ጨዋታ ከመጎንበሴ በፊት ጀርባዬን መታ ታደርግና «አንተ በሬ፣ ነቅተሃል?» ትለኛለህ። ሕዝቡ ስምህን እየጠራ ሲዘምር አንተ ከኋላዬ እንደዚያ ስትቀልድብኝ፣ እኔ እየሳቅኩ ነበር ከዚያ ሁሉ ሥጋ ጋር የምላተመው።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አሰልጣኙ ከካሊፎርኒያ አንድ ረጅም ኳርተርባክ፣ እንደ አንተ ኳስ ወርዋሪ፣ አስመጣ። በረዶው ሳይቀልጥ ዕቃህን መኪናህ ላይ ስትጭን ደረስኩብህ።

«ቦታህን እኮ ማንም አልነካብህም» አልኩህ።

«እስኪነኩብኝ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም» አልከኝ።

ያን ቀን አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ ግን የመኪናህን በር እንኳ ሳትዘጋ ሞተሩን አስነስተህ ነበር። አሪዞና ሄድክ። እዚያ ዓመቱን ሙሉ የአሰልጣኞቹን ሰሌዳ ይዘህ፣ ተጠባባቂ ሆነህ የሜዳው ዳር ቆምክ፤ በመጨረሻም ልምምድ ላይ የትከሻህ ጅማት ተበጠሰ። ከቀዶ ጥገናው ስትነሳ አላባማ ሄድክ። አላባማ ላይ ግማሽ የውድድር ዘመን ያህል ማንም እንደማይችለው ተጫወትክ። ፓስተራቸው በጸሎት መሃል ስምህን ጠርቶ ጉባኤው አሜን እንዳለ ደውለህ ስትነግረኝ በሳቅ ልትሞት ነበር። ከዚያ አሰልጣኙ ተባረረ። አዲሱ ደግሞ የራሱን ኳርተርባክ እንደ ጓዙ ይዞ መጣ። አንተም ወደ አይዳሆ ተጓዝክ። እዚያ ስትደርስ ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶሃል። ልጆቹ «አባባ» ነበር የሚሉህ። «አባባ፣ ጉልበትዎን አሟሟቁ?» «አባባን አታስቸኩሏቸው፣ ልብሳቸውን ይልበሱ።» ስትነግረኝ አብሬህ ሳቅኩ። 

እሁድ እሁድ ጠዋት ትደውልልኝ ነበር። ስታወራ መቼም መራመድ አቁመህ አታውቅም። ቁጭ በል እልሃለሁ። ቁጭ ብያለሁ ትለኛለህ። ከጫማህ ስር የጠጠሩ ድምፅ እየተሰማኝ።

እኔ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ቀርቼ፣ ሁለቱንም ጉልበቶቼን ጨርሼ፣ አገሬ ገብቼ ብየዳ ቤት ከፈትኩ። አንተ በአራት ዩኒቨርሲቲ ዞርክ።  እኔ ማታ እተኛለሁ። አንተ ግን እኔ አንድ ቀን እንኳ ያልፈለግኩትን ያህል አንድ ነገር ፈለግህ።

እንግዲህ ስለዚያ ቅዳሜ። አንተ የምታውቀውን ልነግርህ አይደለም፤ ከተመልካች ወንበር ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልነግርህ ነው።

የመጨረሻ ጨዋታህ ነው ብለን ከእናትህ ጋር በእኔ መኪና አይዳሆ ድረስ ነዳን። እንደማትገባ እናውቃለን። ሁለት ዓመት ሙሉ የገባኸው የጨዋታው ውጤት ከለየለት በኋላ ነው። እናትህ «ዩኒፎርሙን ለብሶ ልየው፣ ይበቃኛል» አሉኝ። ከዚያ ከጨዋታው አራት ክፍሎች በሦስተኛው፣ የእናንተ ቋሚ ኳርተርባክ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበትና ሁለት ሰው ደግፎት ወጣ። በአሥራ አራት ነጥብ እየተመራችሁ ነበር። አሰልጣኙ ዘወር ብሎ አየህ። አንተ ሄልሜትህን ከማጥለቅህ በፊት ሜዳው ውስጥ ነበርክ።

ኮርቢን፣ እኔ ያን ቀን ነው ስትወረውር ያየሁህ። ትከሻህ ተበጥሶ የተሰፋ ሰው አትመስልም። ኳሷ ከእጅህ ስትወጣ ድምፅ የላትም፤ ሰው ሁሉ ገና አንተን እያየ እሷ ደርሳለች። እናትህ ክንዴን ይዘው «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው?» አሉኝ። እንጃ፣ እኔም ገና ማየቴ ነው አልኳቸው። ነጥቡን አመጣጠንክ። ከዚያ አለፍካቸው። አራት ነጥብ እየመራችሁ፣ ኳሷም በእናንተ እጅ ሆና፣ ሰዓቱ ከግማሽ ደቂቃ በታች ቀረው።

አሰልጣኙ መዳፉን ወደ መሬት ጫን አደረገ። ተንበርከክ ማለቱ ነው። ኳሷን ተቀብለህ ጉልበትህን ሣሩ ላይ ብታስነካ ሰዓቱ ሳይቆም ይሮጣል፤ ጨዋታውም ያልቃል። አስተማማኙ መንገድ ይኸው ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ የሚያውቀው። ተጋጣሚዎቻችሁ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀምረዋል። ከእናንተም ወገን አንዱ እጁን ዘርግቶ አንዱን ሲያቅፈው አይቻለሁ። ሕዝቡ ወደ ሜዳ ለመግባት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንተ ኳሷን ተቀበልክ። ጉልበትህን እጥፍ አደረግህ። ከዚያ ቀና አልክ፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብለህ ወረወርካት።

እናትህ ቆመው ነበር። «ምን አደረገ?» አሉኝ።

«ወረወረው።»

«ለማን?»

 በቀኝ በኩል ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ኳሷ የሄደችው ማንም ወደሌለበት ነው። ወደዚያ ሮጦ ሊይዛት የሚገባው ተቀባዩ ልጅ ቦታው ላይ ተገትሮ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። በዚያ ባዶ ሜዳ ግን አንድ የተጋጣሚያችሁ ተከላካይ፣ ኦርላንዶ ጊድንስ የሚባለው፣ እጅ ሊጨባበጥ እያቋረጠ ነበርና ኳሷ እሱ ደረት ላይ ወረደች። ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ሮጠ። የሚያሳድደው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጨዋታው አልቋል ብሎ ቆሟል። ሜዳውን ሙሉ ሮጦ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ስድስት ነጥብ ሆነላቸው፤ ሰዓቱም አለቀ። ተሸነፋችሁ።

ያን ያህል ሕዝብ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንተ ነበርክ። ቆመህ ኳሷ የሄደችበትን አቅጣጫ ታያለህ፤ ጊድንስ ወደሮጠበት ዞር እንኳ አላልክም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ስድብ አልደግምልህም። የተንበረከከ ሰው ሥዕል ያለበት ካናቴራ አሳትመው «ይኸው እንዲህ ነው» ብለው ጽፈውበት ሲለብሱት ሰነበቱ። በራዲዮ ጉቦ በልቶ ነው ያለም ነበር። አንተ ቡድኑ ልብሱን ቀይሮ ሳይወጣ ጠፋህ። በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ እንደ ልማድህ ደወልክልኝ። የጠጠር ድምፅ አልነበረም። መራመድህን አቁመህ ነበር መሰለኝ።

«ክፍት ነበር፣ ሮይስ» አልከኝ።

«ምን አስበህ ነው ሰውዬ?»

«ቀኙ በሙሉ ክፍት ነበር እኮ።»

 ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

ተቀባዩ ልጅ በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረውን አንብበህ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያች የመጨረሻ ቅብብል በፊት ዓይን ለዓይን ተያይታችኋል። ሄልሜትህን በጣትህ ነካ አድርገህለታል፤ ሩጥ ማለትህ ነበር። ልጁ ግን «አይቼዋለሁ፤ የመጨረሻ ጨዋታው ስለሆነ የሚሰናበተኝ መስሎኝ እኔም መልሼ ነካሁለት» ነው ያለው። ይህን ሳነብ ጋዜጣውን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ። አንተን በደንብ የማያውቅ ልጅ በመሆኑ ነው እንጂ፣ አንተ መቼ ማንን ተሰናብተህ ታውቃለህ?

አሁን ወደማታውቀው ልምጣ።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንዲት አቧራ የለበሰች መኪና ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆመች። አንድ ረጅም ጥቁር ሰው ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የኮርቢን ሃልቮርሰን ጓደኛ አንተ ነህ ወይ አለኝ። ፊቱን አወቅኩት። ማን ያላወቀው አለ? የብየዳውን መነጽር ከዓይኔ ሳላነሳ ምን ፈልገህ መጣህ አልኩት። ልክ አልነበርኩም። ሰውየው ግን አልተቀየመም።

«እሱን ፈልጌ ነው» አለኝ። «ሰው ሁሉ ስለ እሱ እኔን ነው የሚጠይቀኝ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኔንም ነው አልኩት። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ፤ ወንበር ስቤ ሰጠሁት።

ጊድንስ የነገረኝን እንዳለ ልንገርህ። ያ ቅዳሜ ለእሱም የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። አራት ዓመት ተጫውቷል። የትም የሚፈልገው ቡድን እንደሌለ አውቆታል። አሰልጣኝህ መዳፉን ሲጫን ካየ በኋላ የሄልሜቱን ማሰሪያ ፈትቶ፣ እናቱን ከሕዝቡ መሃል እየፈለገ፣ በቀስታ ሜዳውን ማቋረጥ ጀመረ። ከዚያ ቀና ሲል ኳሷ አየር ላይ ነች። አሁን ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ሲገባ ያጨበጭቡለታል። በአራት ዓመት ውስጥ ደሙን አፍስሶ የያዛቸውን ኳሶች የሚያስታውስለት የለም፤ ዕረፍት ላይ ሆኖ የያዛትን ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። እንቅልፍ የነሳው ግን ይህ አይደለም። ያስጨነቀው ሌላ ነው።

«እኔ እኮ ጨርሼ ነበር» አለኝ። «ሃያ ሁለታችንም ጨርሰን ነበር። ከሜዳ እየወጣሁ ሳለ አንድ ሰው ጠርቶ መለሰኝ። ያንን ሰውዬ እስካሁን አላናገርኩትም።»

ወደ እናትህ ቤት ወሰድኩት። ፈርቼ ነበር፤ አልደብቅህም። በሩን ሲከፍቱ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ግባ፣ በሩ ላይ አትቁም፣ ዝንብ ይገባል አሉት። ድንችና የተፈጨ ሥጋ ያለበትን የምድጃ ምግብ አቀረቡለት። ሁለቴ ጨምሮ በላ። እናትህ እሱ ሲበላ ከፊቱ ተቀምጠው አልተንቀሳቀሱም። ሹካውን ሲያስቀምጥ ጠየቁት።

«ኳሷ ስትመጣ ምን ትመስል ነበር?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጊድንስ አፉን በናፕኪን ጠረገ።

«እናቴ፣ በሕይወቴ ብዙ ኳስ ይዣለሁ» አላቸው። «የሚያቃጥል አለ፤ የሚንሸራተት አለ፤ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ አለ። ይቺ ግን ፍጹም ነበረች። እጄን መዘርጋት እንኳ አላስፈለገኝም። ልጅዎ የወረወራት ጥሩ አድርጎ ነው። እዚያ መኖር የነበረበት ሰው ነው ያልነበረው።»

እናትህ ከኅዳር ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቁና ከዚያ አለቀሱ፤ እያለቀሱም ተነስተው ተጨማሪ ምግብ አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ኦርላንዶ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። የጎተራቸውን ጣሪያ ያደስነው እኔና እሱ ነን። «ይሄ ልጅ መጥቶ ይበላል፣ የወለድኩት ግን አይመጣም» ይላሉ አሁን አሁን፤ ሲሉት ግን በምሬት አይደለም።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ስታልፋቸው ያለፍካቸው እኒያን በኅዳር ትተሃቸው የሄድካቸውን ሴት አይደለም። ይህን እንድታውቅ ነው የምጽፈው። አንተ የምትሸሻቸው ሴት አዝነውብህ የሚጠብቁህ ይመስልሃል። እሳቸው ግን ስለ ኳሷ ሊያወሩህ ነው የፈለጉት። ጥሩ ኳስ ነበረች ሊሉህ ነው።

እኔም የምለው አለኝ። ለምን እንደወረወርካት የምትነግረኝ አያስፈልግም። ስድስት ዓመት በአራት አገር ዞረህ፣ ሰሌዳ ይዘህ ቆመህ፣ ትከሻህን አሰፍተህ፣ በመጨረሻ አንድ ክፍል ጊዜ ብቻ ሰጡህ። ያንንም በጉልበትህ ጨርሰው አሉህ። ሌላው ሰው ቢሆን ያደርገዋል። እኔ አደርገዋለሁ። ሳላስብ ነው የማደርገው። አንተ ክፍት ቦታ አየህ። በዚያ ሜዳ ላይ ገና እየተጫወትክ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ትክክል ነበርክ እያልኩህ አይደለም፤ እነዚያ ልጆች በአንተ የተነሳ ተሸንፈዋል፤ ይህ አይፋቅም። ተሳስተሃል፤ ግን አላፍርብህም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ይኸው እኔ ይዤአቸው እየኖርኩ ነው።

የአለቃህ ሚስት ለእናትህ እንደነገረችው፣ ከእኛ አገር ቀጥሎ ሞንታና፣ ቤል ኩሊ ድረስ ትወጣላችሁ። የዓመቱ መጨረሻ ማሳችሁም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታጨድ ስንዴ የለም፤ ካናዳ ነው። ወዴት እንደምትሄድ አንተም ገና አታውቅ ይሆናል።

ኦርላንዶ ከሥራው ፈቃድ ወስዷል። እኔ ብየዳ ቤቱን ዘግቼ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ሁለታችን ልንሄድ ነበር ያሰብነው። ትናንት እናትህ ሻንጣቸውን በረንዳ ላይ አስቀምጠው አገኘናቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ መኪናዋም ጠባብ ናት ብንላቸው «መሃል እቀመጣለሁ» አሉን። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ዓርብ እንነሳለን። ከእናንተ ቀድመን ነው የምንደርሰው፤ በዚህ ወቅት እዚያ ያለው ስንዴ ገና አረንጓዴ ነው ይላሉ። መናገር ባትፈልግ አትናገር። ከኦርላንዶ ጋር ብቻ ማውራት ብትፈልግ እኔና እናትህ ራቅ ብለን እንቀመጣለን። ሥራህንም አናስፈታህም። ማሳው እስኪደርስ፣ ማሽኖቻችሁ እስኪመጡ፣ ሳምንትም ቢሆን ወር እዚያው ነን። ማናችንም የምንቸኩልበት ቦታ የለንም።

ወዳጅህ
ሮይስ